ይህኛው ተምች አይሄድም፦ ለሰብል ጥበቃ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ በፌዴራል፣ በክልል፣ በዞንና በወረዳ ለምትገኙ የሰብል ጥበቃ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች

ጉዳዩ፦ የአሜሪካ መጤ ተምችን መከላከል ከዘመቻ ወደ ቋሚ የማሳ አሰሳ እንዲዞር ስለ መጠየቅ

ክቡራንና ክቡራት፣

ለጤናችሁ እንደምን ሰነበታችሁ። እኔ የቀድሞ የልማት ሠራተኛ ነኝ። ዲኤ ነበርኩ ብል ይቀላል። ለዓመታት ከማሳ ማሳ በእግሬ እየዞርኩ ሠርቻለሁ። አሁን ሥራ ቀይሬያለሁ። ግን መንገድ ዳር በቆሎ ሳይ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ጎንበስ ብዬ ቅጠሉን አገላብጣለሁ። አብዛኛውን ጊዜ የማየው ያንኑ ነው። የተፋቀ ቅጠል፣ የተበሳሳ ቅጠል፣ መሃሉ ላይ ሰጋቱራ የመሰለ ኩስ።

ይህን የምጽፈው ለወቀሳ አይደለም። ከብዙዎቻችሁ ጋር አብረን ደክመናል፤ ዝናብ መትቶናል፣ እሑድን ሥራ ላይ ውለናል። የምጽፈው አንድ ነገር ዘግይቶ ስለገባኝ ነው። ይህን ተባይ የምንከላከልበት መንገድ ለሌላ ተባይ የተሠራ ነው።

ወሬውን መጀመሪያ የሰማነው በ2009 ዓ.ም. ነበር። ሸካ ዞን፣ የኪ ወረዳ ላይ ያልታወቀ ትል በቆሎ እየበላ ነው ተባለ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ምዕራብ አፍሪካ ውስጥ ታይቷል። የትውልድ አገሩ የአሜሪካ አህጉር ሞቃታማው ክፍል ነው። በጥቂት ወራት ውስጥ ብዙ በቆሎ አብቃይ አካባቢዎቻችንን አዳረሰ። እኛም ስም አወጣንለት። ተምች ስለሚመስል ተምች፣ ከውጭ ስለመጣ ደግሞ መጤ አልነው።

ይህ ስም ነው ያሳሳተን ብዬ አምናለሁ።

ተምችን ገበሬው ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። ድርቅ ሰንብቶ ዝናብ ሲጥል ድንገት ይፈላል። ጥቁር ሆኖ፣ ተግተልትሎ፣ እንደ ሠራዊት ከማሳ ማሳ ይሄዳል። ጤፉን፣ በቆሎውን፣ ማሽላውን፣ የግጦሹን ሣር ሳይቀር ሙልጭ አድርጎ ይበላል። ሁለት ሦስት ሳምንት ሲበላ ይቆይና አፈር ውስጥ ይገባል። የእሳት እራት ሆኖ ይወጣል። ከዚያ በነፋስ ተጭኖ ዝናብ ወዳለበት ሌላ አገር ይበርራል። ቆይታችሁ ብትፈልጉት የለም።

ለእንዲህ ያለ ተባይ ዘመቻ ልክ ነው። ሪፖርት ይመጣል፣ ስብሰባ ይጠራል፣ ኬሚካል ይጫናል፣ ሕዝቡ ይወጣል፣ ይረጫል። በ2012 ዓ.ም. የአንበጣ መንጋ ሲመጣም እንዲሁ አውሮፕላንና ሰው ተረባርቧል። የሚመጣና የሚሄድ ጠላት ሲሆን መረባረብ ያስፈልጋል።

መጤው ግን እንግዳ አይደለም። ቤት ሠርቶ የተቀመጠ ጎረቤት ሆኗል።

ለምን እንደማይሄድ ማወቅ ይጠቅማል። ይህ ነፍሳት ውርጭ አይችልም። ቅዝቃዜውን አፈር ውስጥ ተኝቶ የማሳለፍ ችሎታም የለውም። ሰሜን አሜሪካ ውስጥ በየዓመቱ ብርዱ ይጨርሰዋል። የሚተርፈው እንደ ደቡብ ፍሎሪዳና ደቡብ ቴክሳስ ባሉ ሞቃት ቦታዎች ብቻ ነው። አየሩ ሲሞቅ ከዚያ ተነሥቶ እንደገና ወደ ሰሜን ይበርራል። እነሱን ብርዱ በየዓመቱ ያግዛቸዋል ማለት ነው።

እኛን የሚያግዘን ብርድ የለም። በቆሎ የሚበቅልባቸው ቆላና ወይና ደጋ አካባቢዎቻችን ለእሱ ተስማሚ ናቸው። የሚበላውም አይጠፋም። የመኸሩ በቆሎ ሲሰበሰብ የመስኖው ይበቅላል። የመስኖው ሲደርስ የበልጉ ይዘራል። ሴቷ የእሳት እራት በአንድ ሌሊት 100 ኪሎ ሜትር ያህል መብረር ትችላለች። ስለዚህ ከአንዱ ለምለም ማሳ ወደ ሌላው መሸጋገር ለእሷ ምንም አይደለም። ሙቀት ባለበት አካባቢ ከእንቁላል እስከ እሳት እራት ያለው ዕድሜ አንድ ወር ገደማ ነው። ዓመቱን ሙሉ ትውልድ በትውልድ ላይ ይተካል።

እንዲህ ያለውን ጎረቤት በዓመት አንድ ጊዜ በሚጠራ ዘመቻ አናስወጣውም። አብሮን እንደሚኖር ተቀብለን፣ ጉዳቱን የሚቀንስ የዘወትር ሥራ ነው የሚያስፈልገን።

ይህ የዘወትር ሥራ ምን እንደሆነ ለማሳየት ወደ ቅጠሉ ልመለስ። ነገሩ ሁሉ ያለው ቅጠሉ ላይ ነው።

ሴቷ እንቁላሏን በአንድ ቦታ ከ100 እስከ 200 አድርጋ ትደረድራለች። በሕይወቷ በጠቅላላው ከ1,000 በላይ ትጥላለች። ላዩን በራሷ ጸጉር ስለምትሸፍነው ሻጋታ ይመስላል። ሙቀት ባለበት በሁለት ሦስት ቀን ይፈለፈላል። የሚወጣው ትል እጅግ ትንሽ ነው፤ ክር ቢጤ ነው። ቅጠሉን በስቶ አይበላም፤ ገና አቅም የለውም። አንዱን ገጽ ብቻ ይፍቃል። ሌላው ገጽ ስስ ሆኖ ይቀራል። ወደ ብርሃን ስታነሡት እንደ ፌስታል ያሳልፋል።

ቲማቲም የሚያለማ ገበሬ ይህን የሚመስል ነገር ያውቃል። ቱታ አብሶሉታ የምትባለው የእሳት እራት ትል በቅጠሉ ሁለት ገጾች መካከል ገብታ ትሰረስራለች። ሁለቱ ገጾች ስስ ሆነው ይቀራሉ። የመጤው ተምች ጨቅላ ግን ውስጥ አይገባም፤ ውጭ ላይ ሆኖ ነው የሚፍቀው። ስለዚህ በዚህ ዕድሜው ሜዳ ላይ ነው ያለው። የሚደበቅበት ቦታ የለውም። ዝናብ ያጥበዋል፣ ጉንዳን ይወስደዋል፣ ጢንዚዛ ይበላዋል፣ የገበሬ ጣት ይደርስበታል። ኬሚካልም ከተረጨ ያገኘዋል።

ይህ ዕድል የሚቆየው ለቀናት ነው። ከዚያ ትሉ ወደ በቆሎው መሃል፣ ገና ወዳልተዘረጋው ጥቅል ቅጠል ይወርዳል። እዚያ ገብቶ ኩሱን ከላዩ ይከምራል። ያ ሰጋቱራ የሚመስለው ነገር ለእሱ ክዳን ነው። እርስ በርሳቸው ስለሚበላሉ በመጨረሻ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ተክል አንድ ትልቅ ትል ይቀራል። ትሉ እስኪያድግ ስድስት ደረጃ ያልፋል። በዕድሜው ከሚበላው ከ70 በመቶ በላዩን የሚበላው በመጨረሻው ደረጃ ላይ ነው። ገበሬው "በአንድ ሌሊት ጨረሰው" የሚለው ለዚህ ነው። ትሉ ግን በዚያ ሌሊት አልመጣም። ሁለት ሳምንት ገደማ ሆኖታል።

አንድ ዓመት የሆነውን ልንገራችሁ። በቆሎው ከበቀለ ሁለተኛ ሳምንቱ ነበር። አንድ ሽማግሌ ገበሬ ቢሮዬ ድረስ መጡ። በእጃቸው ቅጠል ይዘዋል። "ልጄ፣ እስቲ ይህን እየው፤ እንደ ፌስታል ሆኗል" አሉኝ። አየሁት። ወደ ማሳቸው አብረን ሄድን። ከአሥሩ ተክል ሁለት ሦስቱ ላይ ፍቅፋቂው አለ። ትሎቹን ለማየት ዓይን ማጥበብ ነበረብኝ። ከዚያ የተማርኩትን አደረግሁ። ሪፖርት ጻፍኩ።

ሪፖርቱ ቅጽ ነበረው። የተወረረ ሄክታር ስንት ነው ይላል። የተረጨ ሄክታር ስንት ነው ይላል። የተጠቀምነው ኬሚካል ስንት ሊትር ነው ይላል። "ስንት ተክል አያችሁ፣ ከዚያ ውስጥ ስንቱ ላይ አዲስ ፍቅፋቂ አለ" የሚል ቦታ አልነበረውም። የትሉን ዕድሜ የሚጠይቅ ቦታም አልነበረውም። እኔም "የተወረረ" ለማለት ገና ነው ብዬ ትንሽ ቁጥር ሞላሁ። ትንሽ ቁጥር ደግሞ ማንንም አያስደነግጥም።

ኬሚካሉ የመጣው ከወር በኋላ ነው። በቆሎው ወገብ ደርሷል። የተረጨው በጠራራ ፀሐይ ነበር፤ ትሉ ቀን ቀን ጥልቅ ብሎ ይደበቃል፣ የሚወጣው ሲመሽና ሌሊት ነው። በሁለተኛው ቀን አየነው። አባባ ጥቅሉን ቅጠል ገለጥ አድርገው፣ ኩሱን በጣታቸው ጠርገው፣ ትሉን አውጥተው መዳፋቸው ላይ አስቀመጡት። ይንቀሳቀሳል። ምንም አላሉኝም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይችሉ ነበር፤ አላሉም።

ያ ቀን አሁንም ያንገበግበኛል። ሽማግሌው በጊዜው አይተዋል። እኔም በጊዜው አይቻለሁ። ያየነውን ግን የሚቀበል ሥርዓት አልነበረም። ሥርዓቱ የሚነቃው ጉዳቱ ከመንገድ ሲታይ ነው። ከመንገድ ሲታይ ደግሞ አልፏል።

ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ አባቶቻችን። ለዚህ ተባይ ከዚህ የተሻለ መመሪያ አላውቅም።

አሁን ደግሞ ከመጀመሪያው ጋር የሚጋጭ የሚመስል ነገር ልናገር። ጉዳቱ የሚመስለውን ያህል ላይሆን ይችላል። የተበሳሳ የበቆሎ ማሳ ያስፈራል። ቅጠሉ ተበጣጥሶ ሲታይ ሰው ምርቱ ሁሉ ሄደ ይላል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እኛ አገር ገበሬዎች ሲጠየቁ የምርታቸው ሲሶ ያህል እንደጠፋ ገምተዋል። በ2017 እ.ኤ.አ. ለ12 የአፍሪካ አገሮች የተሠራ ግምትም ምንም መከላከል ካልተደረገ በዓመት ከ8.3 እስከ 20.6 ሚሊዮን ቶን በቆሎ ሊጠፋ ይችላል ብሎ ነበር። በኋላ ግን ዚምባብዌ ውስጥ በገበሬ ማሳ ላይ ተለክቶ፣ ከተክሎቹ ከሩብ እስከ ግማሽ የሚሆኑት ተበልተው ሳለ የምርቱ ቅናሽ 12 በመቶ ገደማ ሆኖ ተገኝቷል።

ይህን የምለው ተባዩን ለማቃለል አይደለም። በአገራችን ከእህል ሁሉ በምርት ብዛት ቀዳሚው በቆሎ ነው። ለብዙ ቤተሰብ 12 በመቶ ማለት ሐምሌና ነሐሴን የሚያሻግር እህል ነው። የምለው በቆሎ የማገገም አቅም አለው ነው። ዝናብ ካገኘ፣ ማዳበሪያ ካገኘ፣ አረም ከታረመለት፣ እምብርቱ እስካልተቆረጠ ድረስ አዲስ ቅጠል እያወጣ ይሄዳል። ስለዚህ ሁለት ስሕተት እየሠራን ነው። መርጨት ባለብን ጊዜ አንረጭም። መርጨት በሌለብን ጊዜ እንረጫለን። ሁለቱም የሚመጡት ካለመቁጠር ነው።

ቆጠራው ከባድ አይደለም። ባለሙያዎች ታውቁታላችሁ፤ ለሌላው አንባቢ ስል ልናገር። ማሳው ውስጥ ወዲያና ወዲህ እየተጠማዘዙ ገብቶ አምስት ቦታ መቆም ነው። በእያንዳንዱ ቦታ አሥር ተክል ማየት ነው። 50 ተክል ማለት ነው። የሚቆጠረው አዲስ ፍቅፋቂ ወይም እምብርቱ ላይ ትኩስ ኩስ ያለው ተክል ነው፤ የድሮ ቀዳዳ አይቆጠርም። በቆሎው ገና ከጉልበት በታች እያለ ከመቶ 20 ያህሉ ከተያዘ እርምጃ ያስፈልጋል። ከጉልበት አልፎ አበባ ሳያወጣ ከሆነ እስከ 40 ድረስ መታገሥ ይቻላል። አበባ ካወጣ በኋላ መርጨት በአብዛኛው ገንዘብ ማባከን ነው፤ የሚረጨውንም ሰው ማስመረዝ ነው።

ይህን መቁጠር የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ማንበብና መጻፍ የማይችል ገበሬም በጠጠር ይቆጥረዋል። ትሉን መለየትም እንዲሁ ቀላል ነው። ግንባሩን እዩት፤ "ሰ" ፊደልን የሚመስል ነጣ ያለ መስመር አለው። ከጭራው አጠገብ ደግሞ አራት ጥቁር ነጥቦች በአራት ማዕዘን ተቀምጠዋል። የውጭ ሰዎች የሚሉት በእነሱ ፊደል ነው፤ የተገለበጠ ዋይ ይሉታል። ለእኛ ልጆች "ሰ" ማለት ይቀላል። የሥልጠና ጽሑፎቻችን ላይ እንዲህ ቢጻፍ ደስ ይለኛል።

ይህ ሁሉ ይሠራል ወይ ለምትሉኝ አንዲት እናት ልጥቀስ። ሠፈሩ እቴቴ ነው የሚላቸው። ማሳቸው ሩብ ሄክታር አይሞላም። በቆሎው ከበቀለ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት በመስመሮቹ መካከል ይመላለሳሉ። ያቺን ሻጋታ የምትመስል የእንቁላል ጉብታ ሲያገኙ በአውራ ጣታቸው ይጨፈልቋታል። ትል የገባበት እምብርት ላይ አመድ ወይም ደቃቅ አፈር ቆንጠር አድርገው ይጨምራሉ። አንድ ቀን "ይህችን አንዷን ሲያጠፉ ስንት ትል እንዳጠፉ ያውቃሉ?" አልኳቸው። "ስንት?" አሉኝ። "እስከ 200 ሊሆን ይችላል" ስላቸው ቆም ብለው ጣታቸውን አዩት። በማግስቱ ለጎረቤታቸው ሲያስረዱ ሰማኋቸው። እኔ በስብሰባ አሥር ጊዜ ከተናገርኩት የእሳቸው አንድ ጠዋት በለጠ።

ሁሉም ገበሬ እንደ እሳቸው ማድረግ አይችልም። ሁለት ሄክታር በቆሎ ያለው ሰው በእጁ ሊለቅም አይችልም። ሰፊ እርሻ ያላቸውማ ጭራሽ። ለእነሱ ኬሚካል በጊዜው ያስፈልጋል። እኔ ኬሚካል ይቅር አላልኩም። ቆጠራው ይቅደም ነው ያልኩት። ትሉ ትንሽ ሳለ፣ ማለዳ ወይም ወደ ምሽት፣ ወደ እምብርቱ አነጣጥሮ ይረጭ። በየጊዜው ደግሞ የኬሚካሉ ዓይነት ይቀያየር። ይህ ተባይ መላመድን ያውቅበታል። በአሜሪካ አህጉር ብዙ ዓይነት ጸረ-ተባዮችን ተላምዷል። ፖርቶ ሪኮ ውስጥ ደግሞ እሱን እንዲገድል ታስቦ በዘረመል የተሻሻለ በቆሎን ሳይቀር ተላምዶ ተገኝቷል።

ስለ ርጭት ካነሣሁ አይቀር፣ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። የሚረጩት ሰዎች አብዛኞቹ ጓንት የላቸውም። አፍና አፍንጫቸውን በፎጣ ሸፍነው፣ በባዶ እግራቸው ይገባሉ። ኬሚካሉን በእንጨት፣ አንዳንዴም በእጃቸው ያማስላሉ። ባዶው ጀሪካን ታጥቦ ውሃ ሲቀዳበት አይቻለሁ። ጀሪካኑን ከአንዲት ልጅ እጅ ተቀብዬ ስበሳው እናቷ ተቆጥታኛለች፤ ጀሪካን ገንዘብ ነው። ልክ ነበሩ። ሌላ ጀሪካን ይዤ መሄድ ነበረብኝ። ኬሚካል ስታከፋፍሉ ጓንትና ጭምብል አብሮ ይሂድ። ባዶው ዕቃ የሚመለስበት ቦታም ይኑር። ይህ ከተባዩ እኩል ጉዳይ ነው።

የምንረጨው ደግሞ ጠላታችንን ብቻ አይደለም። ትሉ ውስጥ እንቁላሏን የምትጥል ትንሽ ጥገኛ ተርብ አለች። ሳይንሳዊ ስሟ ኮቴሺያ ኢሲፔ ነው። ጫጩቶቿ ትሉን ከውስጥ በልተው ይጨርሱታል። መጤው ተምች በገባ ሰሞን አገራችን ውስጥ ከማሳ ተሰብስበው በተመረመሩ ትሎች ላይ ከ34 እስከ 45 በመቶ ድረስ በእሷ ተይዘው ተገኝተዋል። አስቡት። ማንም ሳይከፍላት፣ ማንም ሳያሠለጥናት፣ ከአፍሪካ ምድር ተነሥታ አዲሱን ተባይ ማደን ጀምራለች። ያለ ቆጠራ በጅምላ ስንረጭ የምንገድለው እሷንም ነው። ከርጭት በኋላ ትሉ ይመለሳል፤ እሷ ግን ለመመለስ ጊዜ ትፈልጋለች። ይህን ለገበሬው ነግረነው አናውቅም። እኔም ነግሬ አላውቅም ነበር።

ሌላም በእጃችን ያለ ነገር አለ። ናይሮቢ የሚገኘው ኢሲፔ የተባለ የነፍሳት ምርምር ማዕከል ከአጋሮቹ ጋር ያበለጸገው ዘዴ ነው። በበቆሎው መስመሮች መካከል ዴስሞዲየም የተባለ ተክል ይዘራል፤ ሽታው የእሳት እራቷን ያርቃታል። በማሳው ዙሪያ ደግሞ ብራኪያሪያ ሣር ይተከላል፤ እሱ ወደ ራሱ ይስባታል። በመጀመሪያ የታሰበው ለአገዳ ቆርቁርና አቀንጭራ ለተባለው ጥገኛ አረም ነበር። ኬንያ፣ ዩጋንዳና ታንዛኒያ ውስጥ በመጤው ተምች ላይ ሲለካ የትሉን ብዛት ከ80 በመቶ በላይ ቀንሷል። ዴስሞዲየሙ አቀንጭራን ያጠፋል፣ አፈሩን ያዳብራል፣ ለከብት መኖ ይሆናል።

ለምን አልተስፋፋም? ምክንያቱን ማሳ ላይ አይቼዋለሁ። ዘሩ በቀላሉ አይገኝም። ከተገኘም በኋላ መኸር ሲያልቅ ከብት ማሳው ላይ ይለቀቃል፤ ዴስሞዲየሙ ተበልቶ ያልቃል። ዘዴው በየዓመቱ የሚቆይ ተክል ይፈልጋል፤ ልቅ ግጦሽ ባለበት አይዘልቅም። ስለዚህ ዘር ከማደል በፊት ቀበሌው ስለ ግጦሹ ተወያይቶ መስማማት አለበት። ይህ የሰብል ጥበቃና የእንስሳት ባለሙያዎች አብረው የሚሠሩት ነው። ለየብቻ ከተሠራ አይሆንም። ያ እስኪመቻች በበቆሎ መሃል ቦሎቄ መዝራትም የተወሰነ ይረዳል፤ ገበሬውም ያውቀዋል።

እንግዲህ የምጠይቀው ይህ ነው። የሪፖርቱ ቅጽ ይቀየር። የተረጨ ሄክታርና የፈሰሰ ሊትር ብቻ ሳይሆን፣ የታየ ተክልና የተያዘ ተክል ይጻፍበት። ለወረዳው ነጥብ የሚሰጠው በረጨው ልክ ከሆነ ወረዳው ይረጫል። በቆጠረው ልክ ከሆነ ይቆጥራል። እኔ በቦታው ስለነበርኩ ይህን በእርግጠኝነት እነግራችኋለሁ። ቅጹ የሚጠይቀውን ነው የምንሠራው።

የልማት ሠራተኛው ዕቅድ ውስጥ በቆሎ ከበቀለ ከመጀመሪያው እስከ ስድስተኛው ሳምንት ያሉት ቀናት ለአሰሳ ይከለሉለት። በዚያ ወቅት ለሌላ ሥራ፣ ለሌላ ስብሰባ አይጠራ። እኔ ማሳ ውስጥ መሆን በነበረብኝ ጊዜ ብዙ ቀን አዳራሽ ውስጥ ነበርኩ።

የመስኖው በቆሎም አይረሳ። ብዙ ጊዜ በበጋ ስለ ተምች ማንም አያወራም። ትሉ ግን ያን ጊዜ እዚያው ነው፤ ለበልጉ የሚሆነውን ትውልድ እያሳደገ ነው። የመስኖ ማሳዎች ጥቂት ናቸው፤ ወንዝ ዳር ተሰባስበው ያሉ ናቸው። በጥቂት ሰው ሊታዩ ይችላሉ። ከዚያ የሚመጣው ቁጥር ለበልጉ ወሬ ነጋሪ ይሆናል።

ኬሚካሉ ደግሞ ከመዝሪያ በፊት ወረዳ ይድረስ። ጥቂትም ቢሆን ቀድሞ ይድረስ። በሁለተኛው ሳምንት የደረሰ አንድ ጀሪካን በስድስተኛው ሳምንት ከሚደርስ አንድ መኪና ጭነት ይሻላል።

ብዙ ገንዘብ እንዳልጠየቅሁ ልብ በሉልኝ። አውሮፕላን አልጠየቅሁም። ብዙው የምጠይቀው ጊዜን ማስተካከልና ዓይንን ማመን ነው። ያ ሽማግሌ ይዘውልኝ የመጡት ቅጠል በነጻ የተገኘ መረጃ ነበር። ከየትኛውም መሣሪያ ቀድሞ የደረሰ መረጃ ነበር።

የበልግ በቆሎ በብዙ አካባቢ የካቲትና መጋቢት ላይ ይዘራል። ከበቀለ በሁለተኛው ሳምንት በየቀበሌው አንድ ባለሙያ አምስት ማሳ ይግባ። በእያንዳንዱ 50 ተክል ይቁጠር። ያገኘውን ቁጥር ለእናንተ ከመላኩ በፊት እዚያው ቆሞ ለባለ ማሳው ይንገረው። ያ ገበሬ በሚቀጥለው ሳምንት ራሱ ይቆጥራል።

ከአክብሮት ጋር፣

አንድ የቀድሞ የልማት ሠራተኛ